«36 ቢ ነኝ» ስል ማንም አልገባውም

ክቡር አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያገኘሁት ልጅ ነው። ስድስት ዓመት በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የፋይናንስ ክፍል ሠርቶ ወጥቷል። አሁን ኡበር ይነዳል። ኡበር መንዳት ነውር የለበትም፤ እኔም ነድቻለሁ፣ እዚህ አካባቢ ስንቶቻችን ልጅ ያሳደግነው በእሱ ነው። አንጀቴን የበላኝ ሌላ ነው። «የሠራሁት ሥራ እኮ ሲቪል ላይ የለም» አለኝ። አምኖበት ነው ያለው። እኔም ከሠራዊት የወጣሁ ሰሞን ልክ እንደሱ ነበር የማምነው፣ ለዚያ እምነቴም አንድ ዓመት ሙሉ ከፍዬበታለሁ።

ታሪኬ አጭር ነው። አዲስ አበባ አካውንቲንግ ተማርኩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ትንሽ ሠራሁ፣ ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ሠራዊት ገባሁ። ሳውዝ ካሮላይና፣ ፎርት ጃክሰን በሚገኘው የፋይናንስ ትምህርት ቤት ሠለጠንኩ። የሙያው መለያ 36 ቢ ይባላል። እናቴ «ወታደር ሆነ» ሲሏት የታያት ጠመንጃ ብቻ ነበር፤ ብዙ ጊዜዬን ያሳለፍኩት ግን ኮምፒውተር ፊት ነው። የወታደር ደመወዝ ሲዛባ አስተካክላለሁ። የጉዞ አበል አወራርዳለሁ። ኩዌት ካምፕ አሪፍጃን በነበርንበት ጊዜ ጥሬ ገንዘብ እየከፈልኩ ማታ ማታ ካዝናውን ከመዝገቡ ጋር አስታርቃለሁ። በመጨረሻ ደግሞ የአንድ ብርጌድ በጀት ክፍል ውስጥ (ኤስ 8 ይሉታል) ተመድቤ የትኛው ገንዘብ ስንት እንደቀረው፣ በዚህ አያያዝ መስከረም ላይ ይደርስ እንደሆነ እየተነተንኩ ለአዛዡ አቀርብ ነበር። አገር ቤት ፔሮል፣ ውሎ አበል፣ ካዝና፣ በጀት የምንለው ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ከሠራዊት ስወጣ ግን ይህን በሰው ቋንቋ መናገር አቃተኝ። ሪዙሜዬ በምሕጻረ ቃል ተሞልቶ ነበር። አንድ የግል ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራኝና «ምን ትሠራ ነበር?» ሲሉኝ «36 ቢ ነኝ፣ ኤስ 8 ውስጥ ጂፌብስ ላይ ነበርኩ» አልኳቸው። ሴትዮዋ በትሕትና ፈገግ አለች፣ ጻፈች፣ አመሰገነች። አልተደወለልኝም። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ቦታ ሄድኩ። ከጊዜ በኋላ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ፣ ለካ ምንም አላውቅም ብዬ።

ያወጣኝ አንድ ጋሼ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ረጅም ዓመት በሒሳብ ሙያ የኖረ የአገሬ ሰው ነው። ሪዙሜዬን ቡና እየጠጣን አነበበው፣ እስክሪብቶ አወጣ፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። ስንት ብር? ስንት ሰው? በየስንት ጊዜው? ስህተት ብትሠራ ማን ይጎዳ ነበር? ስትወጣ ምን ተሻሽሎ ነበር? ሁለት ሰዓት ፈጀ። ምንም አልጨመረልኝም፣ ምንም አላጋነነም። የሠራሁትን ብቻ አስወራኝ። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው የበጀት ባለሙያ ነበር፣ እኔም ራሴን ያኔ ነው ያየሁት።

ለምሳሌ ጂፌብስን፣ የሠራዊቱን የሒሳብ ኮምፒውተር ሥርዓት፣ እንይ። ከሠራዊቱ ውጭ ማንም አያውቀውም። የተሠራው ግን ኤስኤፒ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ነው። ኤስኤፒን ደግሞ የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን ይይዙበታል። ስለዚህ «ጂፌብስ» ብሎ የጻፈ ልጅ ይታለፋል፣ «ኤስኤፒ ላይ በተሠራ ሥርዓት የብርጌድ በጀት ተከታትያለሁ» ያለው ይጠራል። ሥራው ያው ነው፣ ሰውዬውም ያው ነው።

ከዚህ የሚከብደው የገንዘቡ ሕግ ነው፣ እኛ እንደ ቀላል የምናየው። ሠራዊት ውስጥ «የገንዘብ ቀለም» የሚባል አነጋገር አለ። ገንዘብ ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። ለሥራ ማስኬጃ የተፈቀደው አንድ ዓመት፣ ለምርምር ሁለት፣ ለግዢ ሦስት፣ ለግንባታ አምስት ዓመት ውስጥ ውል ካልታሰረበት ጊዜው ያልፍበታል። የአንዱን ለሌላው ማዋል አይቻልም። ከተፈቀደው በላይ ውል ያሰረ ሰው በሕጉ መሠረት ከሥራ ሊባረር ይችላል፣ አውቆ ካደረገውም እስከ 5,000 ዶላር መቀጫና እስከ 2 ዓመት እስር አለበት። አገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሰኔን ግርግር ያውቃል፣ በጀት ሳይመለስ እንጠቀምበት ተብሎ በየቢሮው የሚሯሯጡበትን ወር። እዚህ ያ ሰኔ መስከረም ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል። እኔ ያንን ወር ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ድረስ ቢሮ አሳልፌዋለሁ። ይህ ልምድ የት ይፈለጋል? የፌዴራል ግራንት የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ የካውንቲ መስተዳድር፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሁሉ ዘንድ። እነሱም ገንዘባቸው ገደብ ያለበት ነው፣ ከገደቡ ሲያልፉ መመለስ አለባቸው፣ ይህን የሚጠነቀቅላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ሌላም አለ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሙሉ ኦዲት መደረግ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሲመረመር እንደ አጠቃላይ መሥሪያ ቤት ንጹሕ የኦዲት አስተያየት አላገኘም፤ ከጦር ክፍሎቹ መጀመሪያ ያገኘው ማሪን ኮር ነው፣ ለ2023 በጀት ዓመት። ኮንግረሱ እስከ 2028 መጨረሻ ድረስ እንዲሳካ በሕግ አዟል። ይህ ማለት መዝገብ የሚያስታርቅ፣ ሰነድ የሚያጠራ፣ ለኦዲተር መልስ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈለጋል ማለት ነው። በቨርጂኒያ ያሉ የኦዲትና የአማካሪ ድርጅቶች ይህን ሥራ ይዘውታል። ቫውቸሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያውቀውን ሰው ከውጭ ማስተማር ከባድ ነው፣ ስለዚህ እኛን ይመርጣሉ፤ ራሳችንን ካስተዋወቅን።

ስለ ፌዴራል ሥራ ትንሽ ልበል። የበጀት ተንታኝነት፣ የሥራ መደብ ቁጥሩ 0560 የሆነው፣ ልምድ ካለ ያለ ዲግሪም ይገባበታል። አካውንታንት፣ 0510፣ ግን በአብዛኛው 24 ክሬዲት አካውንቲንግ ይጠይቃል። ዲግሪያችሁን ከአገር ቤት ይዛችሁ የመጣችሁ እባካችሁ አስገምግሙት፤ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በቅጥር ምዘና ብቁ ለሆነ ቬተራን፣ ማለት ከሠራዊት ለወጣ ሰው፣ 5 ነጥብ፣ በአገልግሎት ለተጎዳ 10 ነጥብ ቅድሚያ አለ። ቢሆንም በእሱ ብቻ አትተማመኑ። በ2025 መጀመሪያ የፌዴራል ቅጥር ታግዶ ምን እንደተፈጠረ ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሁላችን አይተናል። ያኔ የግሉን በር ጭምር አንኳኩተው የነበሩት ናቸው የተረፉት።

የማናውቀውንም ልንገራችሁ። ሠራዊት ገንዘብ ያወጣል እንጂ አያተርፍም። ሽያጭ፣ ገቢ፣ ትርፍ፣ ግብር የሚባለው ነገር ለእኛ እንግዳ ነው። አንድ ኩባንያ «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ስንት እንሸጣለን?» ብሎ ሲጠይቅ የብርጌድ በጀት ትንታኔ መልስ አይሰጥም። ይህን መማር ግድ ነው። ኤክሴልን ከልብ መቻል፣ ቀጥሎ መረጃን በሥዕል የሚያሳየውን ፓወር ቢአይ፣ ቢቻል ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበትን ኤስኪውኤል። ሰርተፍኬት ከፈለጋችሁ ሲዲኤፍኤም የሚባለው የመከላከያ ፋይናንስ ፈተና ኮንትራክተሮች ዘንድ ይታወቃል፤ ሠራዊት ውስጥ እያላችሁ ክፍያውን የሚሸፍን ፕሮግራም ስላለ ሳትወጡ ተፈተኑ።

እንዲያውም ሁሉም ነገር ሳይወጡ ነው የሚሻለው። የመሸጋገሪያ ሥልጠናው፣ ታፕ የሚባለው፣ ቢያንስ ከመውጫው 365 ቀን በፊት መጀመር አለበት። እኔ ግን የሄድኩበት ፊርማ ለማስፈረም ነበር፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ስኪልብሪጅ የሚባል ሌላ ዕድል አለ። አዛዡ ከፈቀደ የመጨረሻዎቹን ወራት የወታደር ደመወዝ እየተከፈላችሁ ሲቪል ድርጅት ውስጥ ትሠራላችሁ። በሰዓቱ ያመለከተ ጓደኛዬ ሠራዊቱን በለቀቀ ማግስት እዚያው ተቀጠረ። ክሊራንስ፣ የምስጢር ሥራ ፈቃድ፣ ያላችሁ ደግሞ አስተውሉ፦ ከለቀቃችሁ በኋላ 24 ወር ካለፈ በቀላሉ አይቀጥልም፣ በአብዛኛው ምርመራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ያ የቤተ ክርስቲያኑ ልጅ ከወጣ አሥራ አራተኛ ወሩ ላይ ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

የጂ አይ ቢልም፣ የቬተራኖች የትምህርት ድጎማ፣ አለ። 36 ወር በመደበኛ ሠራዊት ያገለገለ ሰው በሚኖርበት ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 36 ወር ትምህርት ሙሉ በሙሉ ይከፈልለታል፣ የቤት ኪራይ ድጎማም አለው። እንደ አውሮፓውያን ከጃንዋሪ 2013 ወዲህ ለወጣ ሰው ጊዜው አያልፍበትም። ሲፒኤ፣ ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ፣ መሆን የምታስቡ፣ የጎደላችሁን ክሬዲት በዚህ ሙሉ።

ቤተሰቦችን አንድ ነገር ልለምን። ልጁ ከሠራዊት ሲመለስ በሁለተኛው ሳምንት «ዝም ብለህ ልትቀመጥ ነው?» አትበሉት። ሚስትም፣ ወንድምም፣ አባትም። እኔ ያንን ጥያቄ ፈርቼ ነው መኪና የያዝኩት፣ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ ማታ ደክሞኝ ማመልከቻ መሙላት ተውኩ። ሦስት ወር ስጡት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ፍለጋውን እንደ ሥራ ይያዘው፣ እናንተም ምን ደረሰ ብላችሁ ጠይቁት።

ለአዘጋጁ ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ። በዚህ አካባቢ በካውንቲ፣ በባንክ፣ በኦዲት ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ስንት የሒሳብ ባለሙያዎቻችን አሉ። የአንድን ልጅ ሪዙሜ ለማንበብ ሁለት ሰዓት የሚሰጡ ፈቃደኞች ስማቸውን ለዝግጅት ክፍላችሁ እንዲልኩ ማስታወቂያ ብታወጡልን፣ ከሠራዊት የሚወጡትን ልጆች ከእነሱ ጋር ማገናኘቱን እኔ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። የመጀመሪያው ልጅ ተገኝቷል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሪዙሜውን ይዞ ሊመጣ ተቀጣጥረናል፣ እስክሪብቶ እኔ እይዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሠራዊት ፋይናንስ ሳጅን
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ