ሰዓቱን ለሐዋሳም ጻፉልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፣ ሰማይ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። ጨረቃ ደማቅ ኮከብ ስትጋርድ ሰዓቱን ቀደም ብላችሁ፣ በየከተማው ለይታችሁ እንድታወጡልን ልለምናችሁ ነው የምጽፈው።

አንድ ምሽት ካሜራዬን ይዤ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ለጋ ጨረቃ ወደ ውሃው ስታዘቀዝቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እኛ ጋ እንደ ጀልባ ተጋድማ ነው የምትታየው። ኮከቡ ከበላይዋ፣ ጨለማው ጠርዟ አጠገብ ነበር። ኮከቡ የሚጋረድበት ብዬ የያዝኩት ሰዓት ግን ለአዲስ አበባ የወጣው ነው። ገና ጥቂት ደቂቃ አለኝ ብዬ ትራይፖዱን ሳመቻች፣ ፎከስ ሳስተካክል ቆይቼ ቀና ስል ኮከቡ የለም! ለካ ጨረቃ ቅርባችን ስለሆነች ከሁለቱ ከተሞች ስትታይ ቦታዋ ትንሽ ይለያያል፣ ሰዓቱም አብሮ ይለያያል።

ጥቂት ደቂቃ ምን አላት አትበሉኝ። ጨረቃ አየር የላትም፣ ኮከቡም ከርቀቱ የተነሳ ነጥብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እየደበዘዘ አይሄድም፣ መብራት እንደሄደበት ቤት ድርግም ነው የሚለው። ለዚህም ነው ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ የምመክረው። ጥሩ ዙም ያለው ስልክም ይበቃል፦ አንድ ነገር ላይ አስደግፉት፣ ጨረቃዋን በጣት ተጭናችሁ ፎከሱን ቆልፉ፣ ብርሃኑን ቀንሱ፣ ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ መቅረጽ ጀምሩ።

እግረ መንገዴን፣ በጨረቃዋ ሁለት ቀንዶች መሀል ኮከብ ገብቶ የሚታይበት በየስልኩ የሚዞር ፎቶ አለ፤ እሱን እባካችሁ እንዳታወጡት። ያ ጨለማ ቦታ ባዶ ሰማይ አይደለም፣ ራሷ ጨረቃ ናት። ኮከብ ከኋላዋ እንጂ ከፊቷ አይመጣም።

በጣም ደማቅ ከሚባሉት ኮከቦች በመንገዷ ላይ ያሉት አራት ብቻ ናቸው፦ አልደባራን፣ ሬጉለስ፣ ስፒካና አንታሬስ። እነሱም ተራ አላቸው። አልደባራን እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 በየወሩ አንድ የምድር ጥግ ላይ ሲጋረድ ቆየ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ 2033 የለም። ያመለጠው ሰው ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ አስቡት።

ስለዚህ የሚጋረድበትንም፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ በሌላው ጎኗ ብቅ የሚልበትንም ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጻፉልን። ቪዲዮውን ከሐይቁ ዳር ቀርጬ የምልክላችሁ እኔ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ