ሐረጎን የሚመስል መንገድ

አባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጁ ያለ ደጋፊ ጎማ ሳይክል መንዳት ለመደ፤ ጉልበቱ ተልጦ አላለቀም፣ ግን አያለቅስም። እርስዎን ነው የወጣው።

እኔም ጣሊያን ሄጄ ስቴልቪዮ የሚሉትን ዳገት በሳይክል ወጣሁት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ያስቡ። ርዝመቱም የደሴና የኮምቦልቻን ያህል ነው፣ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ግን 48 ጊዜ ይጠማዘዛል። በየኩርባው ቁጥር አለ፤ ከታች 48 ብሎ ይጀምርና ሽቅብ ሲወጡ ይቀንሳል። ጫፉ 2757 ሜትር ነው። ፈረንጆቹ «አየር አጠረን» ሲሉ፣ እኔ ጦሳ ተራራ ስር ነው ያደግኩት አልኳቸው።

31 ላይ ካቴናዬ ተበጠሰ። በዝናብ፣ እጄ በግራሶ ጠቁሮ ስቀጥል፣ እርስዎ ኤንትሬ የጭነት መኪናዎ ስር ተኝተው እኔ ባትሪ ይዤ የማመሸው ትዝ አለኝ።

ቁልቁለቱ ባሰ። ብርዱ ጣቶቼን አደንዝዞ፣ ፍሬኑን መያዜን በዓይኔ እያየሁ ነበር የማረጋግጠው። «ጨምድደህ አትያዝ፣ ነካ እያደረግህ ልቀቅ» ያሉትን አደረግሁ። ያሉት ለወንድሜ ነው፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

ይህን ላነሳ አልነበረም። ግን ኮምቦልቻ ላይ በሃምሳ ሳንቲም የተከራየሁትን ሳይክል ነጥቀው፣ ጆሮዬን ይዘው በገበያው መሀል የወሰዱኝ ቀን እስከዛሬ አልወጣልኝም። ያን ዕለት ማታ እግርዎን ሳጥብ፣ ለወንድሜ ሳይክል እንደሚገዙለት ነገሩት። ቀና ብዬ አላየሁዎትም፤ እግርዎን ብቻ ነው ያየሁት። ግራው ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ነው፣ ከአውራ ጣቱ ስር የጠጠረ ነገር ነበረው።

ቁስሉ እዚያው ላይ ነው አሉ። ሁለት ወር አልፎታል፣ እኔ ትናንት ሰማሁ! በስልክ «አብሽሪ፣ ምንም አያመኝ» ይሉኛል። አለማመሙ ነው እኮ የሚያስፈራኝ፤ ስኳር ስሜቱን ያደነዝዘዋል፣ እንደ እኔ ጣቶች። በዓይን ካላዩት አይታወቅም። ከዉዱእ በኋላ በጣቶችዎ መሀል ያድርቁ። በባዶ እግርዎ ደጅ አይውጡ። በሙቅ ጨው ውሃ መዘፍዘፉንም ይተዉት፣ እባክዎ።

ሐኪሙ ስለ ጣትዎ ያለውን ወንድሜ ነግሮኛል። እርስዎ እስኪነግሩኝ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። ማክሰኞ እንዳይቀሩ።

ዛሬ ማታ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ከላይ አይደለም፣ ውስጥ እግርዎን።

ልጅዎ