አባቴ የናፍጣ ሞተሩን ይሽጠው? ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

የምጽፍልዎት የወፍጮ ቤት ልጅ ስለሆንኩ ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ትንሽ የወረዳ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው። እኔና እህቶቼ ያደግነውም የተማርነውም በዚያ ወፍጮ ነው። አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ቢሆንም፣ የናፍጣ ጭስ ሲሸተኝ ትዝ የሚለኝ መኪና አይደለም። አባቴ ነው።

በልጅነቴ ወፍጮው የሚሠራው በናፍጣ ሞተር ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው የሚመጡት ያንን ድምፅ ሰምተው ነው። ድምፁ ካለ ዛሬ ይፈጫል ማለት ነው። ጭሱ በቆርቆሮ ቱቦ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፤ ግን ግማሹ ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዱቄቱ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ይለጠፋል። ዛሬ አባቴ ቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ስናናግረው በግራ በኩል ዞረን ነው። ሳሉም አለቀቀውም። ሐኪም ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ አልነገረንም። እኔ ግን ከዚያ ሞተር ጎን ስንት ዓመት እንደቆመ አውቃለሁ።

ከዚያ መብራት ገባ። የባሕር ዛፍ ፖሎቹ በመንገዱ ዳር ሲተከሉ ልጆች ሁሉ ከኋላ ከኋላ ስንከተል ነበር። አባቴ ተበድሮ የስሪ ፌዝ መስመር፣ ማለትም ለትልልቅ ሞተር የሚሆን ባለ ሦስት የኃይል ሽቦ (ፌዝ) መስመር አስገባ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዛ፤ የናፍጣውንም ሸጠው። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ወፍጮው እየፈጨ ነው፤ ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል። የድንጋዩ ድምፅና የዱቄቱ መፍሰስ ብቻ ይሰማል። ሴቶቹ ወረፋ ላይ ቆመው እርስ በርስ ሲጨዋወቱ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ድሮ የሚነጋገሩት በእጅ ምልክት ነበር። የማስፈጫው ዋጋም ቀነሰ። እናቴ «እፎይ» ያለችው ግን በዋጋው አልነበረም፤ የባሏ ልብስ ናፍጣ መሽተቱን ስላቆመ ነው።

ይህ እፎይታ ብዙ አልቆየም። ከተማዋ አደገች፤ ቤት በዛ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በዛ። ትራንስፎርመሩ ግን ያው ነበር። ማታ ማታ ቮልቴጁ ይወርዳል። ነፋስ ሲነሳ አንድ ፖል አዘንብሎ ብዙ ቀበሌ አብሮ ይጨልማል። አንድ ቀን ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጎደለ። አምፖሎቹ በርተው ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ሞተሩ ግን በሁለት ፌዝ ለመሥራት ሲታገል ጋለና ተቃጠለ። አባቴ የውስጡን የመዳብ ሽቦ በአዲስ አስቀይሮ እንደገና ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ራሱ ተቃጠለ። ቅያሪ እስኪመጣ ወራት ሄዱ። ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው ሌላ ቦታ ድረስ መሄድ ጀመሩ። አህያ የሌላት በጀርባዋ ተሸከመች።

አባቴ ታገሠ፣ ታገሠና አንድ ቀን የማይፈልገውን አደረገ። ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ገዛ።

ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሞተር ጎን ለጎን ተቀምጧል። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪኩ ይፈጫል። ሲሄድ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አዙሮ ወደ ናፍጣው ይቀይራል። ዋጋውም ሁለት ነው፤ የመብራትና የናፍጣ። መብራት የጠፋበትን ቀን ሁሉ በከሰል ግድግዳው ላይ ጭረት ያደርጋል። ለምን እንደሚያደርገው ጠይቄው «አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል» አለኝ። ግድግዳው ላይ ባዶ ቦታ እያለቀ ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ የመጻፌ ዋና ምክንያት ያ ግድግዳ ነው። ሀገራችን ከነዳጅ ወደ ንጹህ ኃይል ትሻገር ሲባል፣ ብዙ ሀገሮች መጀመሪያ የሚጨነቁት ንጹሁን ኃይል ከየት እናምጣ በሚለው ነው። እኛ ይህን ጭንቀት በትልቁ አልፈነዋል። ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ነፋስ ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። አባቴ የዚያን ቀን ሬዲዮውን ግራ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲሰማ ዋለ። ቦንድ ገዝቷል። ወረቀቱን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ሳጥን አስቀምጦታል። እንባው ሲመጣ አየሁት። እኔም አልቻልኩም።

በማግስቱ ግን ቺንጋውን ወደ ናፍጣው አዞረ።

ይህን የምለው ግድቡን ለማሳነስ አይደለም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሕይወቴ በሀገሬ ከኮራሁባቸው ቀናት አንዱ ነው። የምለው ኃይሉ ከተርባይኑ ወጥቶ፣ በትልቁ መስመር ተጉዞ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ደርሶ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መሻገር ያቅተዋል ነው። ያረጀ ፖል፣ የላላ ሽቦ፣ አቅሙ ያለፈ ትራንስፎርመር ላይ ይቆማል። በዚያች ጥቂት ርቀት ምክንያት፣ በመርከብ ጅቡቲ የደረሰ፣ በቦቴ በረሃ ያቋረጠ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ናፍጣ በጀሪካን ተቀድቶ አባቴ ደጅ ይመጣል። ንጹሁ ኃይል የራሳችን ሆኖ ቆሻሻውን ከውጭ የምንገዛው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሳ። እኛ ኤሌክትሪክን የምንጠራው «መብራት» ብለን ነው። መብራት ገባ፣ መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ እንላለን። ስሙ የወጣለት ከአምፖል ነው። አምፖል ደግሞ ሲጠፋ ሻማም ይተካዋል፣ የስልክ ባትሪም ይተካዋል። ወፍጮ ግን ሻማ የለውም። የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የከተማው የውሃ ፓምፕ፣ ምጣድ ላይ ያለው ግማሽ የበሰለ እንጀራ፣ እነዚህ ሁሉ ሻማ የላቸውም። አንድ ቀበሌ «መብራት አግኝቷል» ተብሎ ሲመዘገብ የሚቆጠረው አምፖሉ ይመስለኛል። የእኛም ከተማ በዚያ መዝገብ ላይ ካገኙት ወገን ናት።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ ለሁሉም ለማዳረስ ግብ አስቀምጦ ነበር። 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በአብዛኛው በፀሐይ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ጊዜው ደርሶ አልፏል፤ ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ገና ይጠብቃል። ሥራው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ተራራው፣ ርቀቱ፣ የውጭ ምንዛሪው፣ ጦርነቱ፣ ሁሉም አለ። ነገር ግን አዲስ ፕሮግራም ሲዘጋጅ ስንት ቤት ገባ ብቻ ሳይሆን፣ በገባበት ቤት በወር ስንት ሰዓት ቆየ የሚለውም ይቆጠር ብዬ እለምናለሁ።

ይህ መለኪያ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ጊዜና በጠቅላላው ለስንት ሰዓት ኃይል እንደተቋረጠበት መቁጠር በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። እኔ የምጠይቀው ቁጥሩ በየወረዳው ተለይቶ፣ በየወሩ፣ በአማርኛም በሌሎቹ ቋንቋዎችም ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ነው። ወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። አባቴ ወረቀቱን ከግድግዳው ጋር ያመሳክረዋል። ቁጥሩ መጥፎ ቢሆን እንኳን እውነት ከሆነ ይታገሣል። ሰው የሚሰለቸው መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ ሲጠብቅ ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ ትራንስፎርመር ነው። ሲቃጠል በስንት ቀን እንደሚቀየር የታወቀ ገደብ ይኑረው። ቅያሪው ከሩቅ እስኪመጣ እንዳይጠበቅ በየዞኑ መጠባበቂያ ይቀመጥ። ወፍጮ፣ ጤና ጣቢያና የውሃ ፓምፕ ያሉበት መስመር ቅድሚያ ያግኝ። ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኃይል እየሸጥን ነው። መሸጣችንን አልቃወምም፤ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገናል። ከዚያ ገቢ የተወሰነው ግን ለፖልና ለትራንስፎርመር ብቻ ተብሎ ቢቀመጥ፣ የወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የቆመችው ሴትም ከሽያጩ ድርሻዋን አገኘች ማለት ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ ደስ አለኝ። ደፋር ውሳኔ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ አይደለም። ግን መኪና ያለው ሰው ከሕዝቡ ስንቱ ነው? እንጀራና ዳቦ የማይበላ ግን የለም። ለመኪናው የታየው ቆራጥነት ለወፍጮውም ይታይ። የናፍጣ ሞተሩን መልሶ የኤሌክትሪክ ሞተር ለሚወስድ ባለ ወፍጮ ብድር ይመቻችለት። ሞተሩን ከቮልቴጅ መውረድና ከፌዝ መጉደል የሚጠብቀው መከላከያ ዕቃም አብሮ ይሰጠው። ዕቃው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እኛ ያኔ ቢኖረን ኖሮ ሞተራችን አይቃጠልም ነበር።

ስለ ውሃም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ዝናብ ይቀራል። በ2001 ዓ.ም መብራት በፈረቃ እንደነበር የማይረሳ ብዙ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም ደግሞ የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ ወደ ፈረቃ ተመልሰን ነበር። አዳማና አሸጎዳ ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች በዚህ በኩል ትልቅ ዕርዳታ ናቸው። የእኛ ነፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ወቅት። የከርሰ ምድር እንፋሎቱ ደግሞ ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌት አይልም። የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ከተጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ስምጥ ሸለቆ ሙሉ እንፋሎት ይዘን እስካሁን እዚህ ግባ የሚባል ኃይል አላወጣንበትም። ይህ በጣም ያስቆጨኛል።

ዋናው መስመር ቶሎ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ደግሞ አሉ። ለእነሱ የሚታሰበው የፀሐይ ኃይል ብዙ ጊዜ ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ የሚበቃ ነው። እባክዎ፣ ከመጀመሪያው ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጎ ይታቀድ። የፀሐይ ኃይል ትልቁ ወጪው ለሌሊት የሚያስፈልገው ባትሪ ነው። ወፍጮ ግን ሌሊት መፍጨት የለበትም። እህል ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ይችላል። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይዋ ጠንካራ በሆነችበት ሰዓት ቢፈጭ ባትሪው አነስ ይላል፤ ዋጋውም አብሮ ይቀንሳል። ወፍጮው ቋሚ ደንበኛ ስለሆነም የፀሐይ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ሰው ገቢ ያገኛል። የአምፖል ክፍያ ብቻውን ጥገና አይሸፍንም።

ይህንን የምጽፈው ለሌላ ሰው ተጨንቄ ብቻ አይደለም። ነሐሴ ላይ አባቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ አንድ ሰው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁ። የናፍጣ ሞተሩን ሊገዛ ነው የመጣው። እነሱ ጋ መስመር የሚባል ነገር ገና አልደረሰም። ሴቶቹ ለማስፈጨት ግማሽ ቀን በእግር ይሄዳሉ። ሰውየው ገንዘቡን ቆጥቦ ወፍጮ ሊከፍት ነው፤ ከናፍጣ ሌላ አማራጭ አላየም። ዋጋውም ጥሩ ነው። አባቴ በገንዘቡ ጣሪያውን ሊጠግን፣ ደረቱንም ሊታይ ያስባል።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አባቴ በግራ ጆሮው በኩል እንድቀመጥ ጠቆመኝ። «አንቺ አዲስ አበባ ነው የምትኖሪው፤ ታውቂያለሽ። ልሽጠው?» አለኝ።

ሽጠው ብለው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አትሽጠው ብለው፣ ከዚያ ጭስ ጎን ዕድሜውን ይጨርሳል። ዝም አልኩ። ግድግዳውን አየሁት።

ለሰውየው እስከ ጥቅምት መጨረሻ አሳውቅሃለሁ ብሎታል። መልሱን ከእርስዎ መሥሪያ ቤት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የወፍጮ ቤቱ ልጅ