የካራቫን ሸራ ለመወጠር ሰው መለመን ቀረ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) የደጅ ሸራ፣ ማለትም ከጎኑ እንደ ድንኳን የሚዘረጋውን፣ ብቻውን መወጠር የሚፈልግ ሰው ውድ ዕቃ መግዛት የለበትም። ዋናው ጣጣ ሸራውን በካራቫኑ ጎን ባለችው ጠባብ ቦይ ውስጥ መሳቡ ነው። ጠርዙ ላይ የተሰፋው ገመድ መግቢያው ላይ እየተያዘ ስፌቱን ይተረትረዋል። ስለዚህ የቦዩን አፍ በሞረድ አለስልሱት፣ ውስጡን በጨርቅ ጥረጉና ሻማ እሹበት። ዘይት ግን በፍጹም! አቧራ ይሰበስባል፣ ሸራውንም ያበላሻል።

ከዚያ የሸራው ጫፍ ላይ ጠንካራ ሲባጎ እሰሩ፤ ሲባጎውን በቦዩ ማዶ በተንጠለጠለች ትንሽ ፑሊ (ገመድ የሚዞርባት መዘውር) አዙራችሁ ወደ ራሳችሁ ከመለሳችሁት በአንድ እጅ እየሳባችሁ በሌላው ሸራውን ቀጥ አድርጋችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። መሰላል ላይ ወጣ ገባ የለም። የመሀሉን ምሰሶ ለማንሳት ደግሞ ጫፉ ላይ መንጠቆ የተመታበት የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። ንፋስ ካለ ግን ብቻችሁን አትሞክሩት።

ምሰሶዎቹ እንዳይምታቱ እርስ በርስ በሚገጣጠሙት ሁለት ጫፎች ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ናስትሮ ጠቅልሉ፤ ለሌላው መገጣጠሚያ ደግሞ ሌላ ቀለም። ይህን እንኳ አምራቾቹ ራሳቸው ቢሠሩት ምን ነበረበት? ሁለት ቀለም ናስትሮ ማንንም አያከስርም።

አንባቢያችሁ