ጋሼ ሲያርፉ ያልደወልኩልሽ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ጋሼ ያረፉ ጊዜ መልእክትሽ ደርሶኝ ነበር። ስልኩን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቃል አልመጣልኝ አለ፤ ነገ እደውላለሁ ብዬ ተኛሁ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። አባትሽ እኔንም አሳድገውኛል። ለቅሷቸው ላይ አለመድረሴ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አንጀቴን ሲበላው ኖሯል።

ልጄን በወለድኩ በሦስተኛው ወር ልቤ ያለ ምክንያት ይመታ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሕፃኑ ተኝቶ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ። ስከሳ ሰው ሁሉ "ስለምታጠቢ ነው" አለኝ። በስድስተኛው ወር ነገሩ ተገለበጠ። በግንቦት ሙቀት ጋቢ ደርቤ ይበርደኛል፤ ፀጉሬ ማበጠሪያ ሙሉ ይነቀላል፤ ሆዴ ደረቀ፤ የጎረቤት ስም ይጠፋኛል። "አራስ ሳለሽ ብርድ መቶሽ ነው" ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ።

በደም ምርመራ ነው አንገቴ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢዬ መቆጣቱ የታወቀው። በእርግዝና ጊዜ ረገብ ብሎ የቆየው የሰውነት መከላከያ ከወሊድ በኋላ ተነሥቶ የራሱን ዕጢ ያጠቃል። ዕጢው ሲጎዳ መጀመሪያ ያጠራቀመው ሆርሞን ወደ ደም ይፈስሳል፤ ልቤን ያስጋለበው እሱ ነው። ክምችቱ ሲያልቅ ድካሙ ይመጣል። እናቴ አንገቴን ዳብሳ "እንቅርት የለሽም እኮ" አለች። ደጋ አገር እንቅርት ያለባቸውን ሴቶች እያየች ነው ያደገችው፤ አዮዲን ያለው ጨው ልታበዛልኝ ፈለገች። ሐኪሟ የኔው ከአዮዲን ማነስ እንዳልመጣ፣ ሲበዛ እንዲያውም ሊያባብሰው እንደሚችል አስረዳቻት።

ቲኤስኤች የሚሉት፣ ዕጢው ሲደክም ከፍ የሚለው፣ የደም ምርመራ ቁጥር 8 ነበር፤ ደህና የሚባለው እስከ 4 ገደማ ነው። የዕጢው ዋና ሆርሞን ገና ስላልወረደ "ቀላል" ተብሎ ተጻፈ። ቃሉ አስከፋኝ። ካንቺ የለየኝ እኮ ይኸው ቀላል የተባለው ነው! ምልክቱ ስለበረታብኝ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል መድኃኒት በትንሹ ታዘዘልኝ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ፣ ቡና አንድ ሰዓት ቆይቶ፣ የብረት እንክብሉ ደግሞ አራት ሰዓት ቆይቶ። ከዓመት በኋላ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ቆመ። ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል በየዓመቱ ደሜን እታያለሁ። ሲሻለኝ ደግሞ ሀፍረቱ ያዘኝ፤ ምን ብዬ ልደውል?

ባለፈው ሳምንት መውለድሽን ሰማሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ! ከእንግዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልብሽ ካለ ልማዱ ከመታ፣ ወይም ድካሙ አልለቅሽ ካለ፣ ኀዘንም ከከበደሽ፣ ታይሮይዴን መርምሩልኝ በያቸው። አራስነት ነው ቢሉሽም ጠይቂ። አብዛኛው ሴት በዓመት በዓመት ተኩል ውስጥ ይድናል፤ ግን ማንም ሳያውቅልሽ እንደኔ ብቻሽን እንድትከርሚበት አልፈልግም።

እሁድ፣ በእናንተ ጠዋት ሲሆን፣ እደውላለሁ። ስለ ጋሼ ከመጨረሻዋ ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ። ያላለቀስኩትን ላልቅስ።

እህትሽ