ለሐያት፦ ስለ ደን ፈንዱ

ደሴ

ውድ ልጄ ሐያት፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

በየወሩ የምትቆጥቢውን 200 ፓውንድ እዚያ እንግሊዝ አገር ደን ፈንድ ውስጥ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ደን በሚገዛ ድርጅት ውስጥ፣ ላስገባው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ጥቂቱን አስገቢ፤ ሁሉንም ግን አይሆንም። ለቤት መግዣ ያስቀመጥሽውንማ እንዳትነኪው።

ደን ገንዘብ የሚያመጣው ዛፉ ሲያድግ፣ የእንጨት ዋጋ ሲጨምርና መሬቱ ሲወደድ ነው። ከሦስቱ የሚታመነው እድገቱ ነው። ዛፍ በወፈረ ቁጥር ደረጃውም ይለወጣል። እዚህ ባሕር ዛፍ ተራ ማገርና ወራጅ፣ ወራጅና ቋሚ ዋጋቸው አይገናኝም፤ ቋሚው ወራጁን በውፍረት በጥቂቱ ቢበልጠውም በዋጋ ያስከነዳዋል። እናንተ ዘንድ በብዛት የሚተከለው ሲትካ ስፕሩስም እንዲሁ ነው፤ ቀጭኑ ለወረቀትና ለማገዶ፣ ወፍራሙ ለጣውላ ይሄዳል። ልዩነቱ የእኛ ባሕር ዛፍ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሲበቃው የእነሱ 35 እና 40 ዓመት መፈለጉ ነው።

የደን ትልቁ ጥቅም ግን መጠበቅ መቻሉ ነው። ጤፍ ደርሶ ካልታጨደ ይረግፋል። ዛፍ ዘንድሮ ዋጋ ካጣ ለከርሞ ይቆማል፤ ቆሞም ይወፍራል። ገበሬው ልጁን እስኪድር ወይም ቤት እስኪሠራ ሳይነካው የሚያቆየው ለዚህ ነው። ፈንድ ውስጥ ስትገቢ ታዲያ ዛፉ ይጠብቃል፤ ገንዘብ ከቸገረሽ አንቺ ግን መጠበቅ አትችዪም።

ፎርሳይት ሰስቴነብል ፎረስትሪ የሚባለውን የደን ፈንድ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ለንደን ገበያ ላይ አክሲዮኑን በ100 ፔንስ ሸጠ። ወለድ ሲጨምር ሰዉ እየሸጠ ወጣ፤ የአክሲዮኑ ዋጋም ገማቾች ለደኑ ከሰጡት ዋጋ ብዙ ዝቅ አለ። በ2024 አንድ ትልቅ ገዢ በ97 ፔንስ ጠቅልሎት ከገበያ ወጣ። ደኑ ደን ነበር፤ የተጎዳው መሐል ላይ ቸግሮት የሸጠው ነው። አሜሪካ ያሉት ዌየርሃውዘርና ሬዮኒር የተባሉ የደን ኩባንያዎች ደግሞ አክሲዮናቸው በማንኛውም የሥራ ቀን ይሸጣል። ዋጋቸው ግን አሜሪካኖች ቤት በሠሩና ባልሠሩ ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከሌላው አክሲዮን የተለየ መጠለያ አድርገሽ አትያቸው።

ከሁሉ የከፋው ዛፍ ተክለንልሻል ብለው ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እየቆረጡ የሚሸጡት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግሬት ሳውዘርንና ቲምበርኮርፕ የሚባሉ ኩባንያዎች በ2009 ወደቁ። ግሬት ሳውዘርን ብቻውን ከ40,000 በላይ ሰዎች ገንዘብ ይዞ ነበር። ዋናው የተተከለው ምን መሰለሽ? ይኸው የእኛው ነጭ ባሕር ዛፍ! ሰዉ የገባው ለደኑ ብሎ ሳይሆን ግብር ለማስቀነስ ነበር፤ ብዙው ደግሞ ተበድሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ እርሻዎች ሲቆረጡ ምርቱ ከተባለው አነሰ፤ ኩባንያው ጉድለቱን ከራሱ እየሞላ መልኩን አሳመረው። አዲስ ገንዘብ መምጣቱ ሲቆም ሁሉም ቆመ። ዛፉ እዚያው ነበር፤ የሚጠብቀው፣ የሚቆርጠውና የሚሸጠው ሰው ጠፋ። ብድሩ ግን አልቀረላቸውም።

ግምት የሚባለውንም ተጠንቀቂው። እዚህ ቁም ባሕር ዛፍ የሚገዛ ነጋዴ ገብቶ ቋሚውን፣ ወራጁንና ማገሩን ለይቶ ሳይቆጥር ዋጋ አይናገርም። ሳይኖ ፎረስት የተባለው ቶሮንቶ ገበያ ላይ የነበረ ኩባንያ ቻይና ውስጥ አለኝ ያለው ደን በ2011 ጥያቄ ሲነሳበት ሊያሳይ አልቻለም፤ በዓመቱ ከሰረ።

የማዕበልና የበሽታ አደጋውም ያንኑ የዛፉን መጠበቅ መቻል የሚነጥቅ ነው። ያ ፎርሳይት ያልኩሽ ፈንድ አክሲዮኑን በሸጠበት ሰሞን አርዌን የተባለው ማዕበል ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ጣለ። የወደቀ ዛፍ እንደቆመው አይጠብቅም፤ ሳይበሰብስ መነሳት አለበት፤ ሁሉም በአንዴ ሲያወጣ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ አዊ ውስጥም ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ብቻ ተክሎ ሳለ በሽታ ገባና ብዙውን አደረቀው። ስለዚህ ፈንዱ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ አካባቢ፣ አንድ ዕድሜ ብቻ ከያዘ ተይው።

የፈንዱ አስተዳዳሪ የሚወስደውን ክፍያ ደግሞ አስዪው። 10,000 ፓውንድ በዓመት 4 በመቶ ቢያድግ በ15 ዓመት 18,009 ይሆናል። አስተዳዳሪው ከዚያ ላይ 1.5 በመቶ ከወሰደና 2.5 ከቀረልሽ 14,483 ነው። 3,500 ፓውንድ ያህል በዝምታ ሄደ ማለት ነው። ደን ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ክፍያ ከሌላው ይልቅ ይበላዋል። ግብር የለበትም የሚሉሽም ግማሽ እውነት ነው፤ እንግሊዝ አገር ከቁም ዛፍ ሽያጭ ግብር የሚቀርለት ደኑን በቀጥታ የያዘ ሰው ነው። አክሲዮን ስትገዢ ያ አይተላለፍልሽም፤ አይሳ በሚባለው ከግብር ነፃ በሆነው የቁጠባ ሂሳብሽ ውስጥ ማድረጉ ይሻላል።

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ የስድስት ወር ወጪ ባንክ ይቀመጥ። ከቁጠባሽ ከመቶ 5 እንዳያልፍ፤ ከ200ው ላይ 10 ፓውንድ ማለት ነው። እሱንም ለ10 ዓመት የማትፈልጊው ከሆነ ብቻ። ቀሪው የብዙ ኩባንያ አክሲዮን ወደ ያዘ፣ ክፍያው ርካሽ ወደ ሆነ ፈንድ ይሂድ። አክስትሽ እዚህ ባሕር ዛፍ ብናስተክልላትስ ብላለች፤ መሬት አይሸጥም፣ ይዞታው የሌላ ሰው ሆኖ ዛፉ የአንቺ ነው የሚባል ነገር ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው።

ከመፈረምሽ በፊት የሰነዱን ሁለት ገጾች ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፦ ክፍያው የተጻፈበትንና መውጫው፣ ማለትም ገንዘብሽን መልሰሽ የምታወጪበት መንገድ፣ የተጻፈበትን። መውጫው ላይ «ዳይሬክተሮቹ ሲፈቅዱ» የሚል ካለ አስምሪበት።

አባትሽ