ደፋሪን ማነጋገር ለማን ይጠቅማል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሕፃን የደፈረ ሰው ገመድ እንጂ ምክር አይገባውም የሚሉኝን ሰዎች አልቀየማቸውም፤ እኔም የሴት ልጆች አባት ነኝ። ሆኖም በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ማረሚያ ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለሆንሁ የማየውን መናገር ይኖርብኛል።

እኛ ዘንድ ሰው ገድሎ የገባ ታራሚ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። በመድፈር የገባው ግን ወንጀሉን ይሰውራል፤ አብረውት ለሚያድሩት «በነፍስ ነው የመጣሁት» ይላቸዋል። እኔ የማነጋግረው ደግሞ ሌሎች ሠራተኞች በተቀመጡበት፣ በሩ በማይዘጋ ቢሮ ነው። እዚያ ማን እውነቱን ይናገራል? «በሽማግሌ አልቆ ነበር፤ ካሳም ከፍለናል» ብሎ ዝም ይላል። ከክህደት ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ የካደ ሰው ቢያንስ ነገሩ ነውር እንደሆነ ያውቃል፣ ካሳ የከፈለው ግን ከዕዳው ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ልጅቱን ማንም አልጠየቃትም።

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች እስከ 20 ይደርሳል። በሃያዎቹ ዕድሜ የገባ ጎልማሳ ሳለ ይወጣል፤ የሚመለሰውም እሷ ውኃ ወደምትቀዳበት መንደር ነው።

ማንም እንደመሰለው ያነጋግረው ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ እስር ቤቶች ለዓመታት የተሰጠ የቡድን ሕክምና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በወጣ ጥናት ሲመዘን፣ ከወሰዱት 10 በመቶው፣ ካልወሰዱት 8 በመቶው ዳግም የወሲብ ወንጀል ፈጽመው ተገኝተዋል። ሕክምናውም ቀረ። በካናዳዋ ሃሚልተን ከተማ ግን በዚያው አቆጣጠር በ1994 የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በወሲብ ወንጀል ታስሮ የወጣን ሰው ከበው ይረዱትም ይቆጣጠሩትም ጀመር፤ አሠራሩ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። ዕድርና ማኅበር ላለን ሰዎች ይህ ሩቅ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ነገሩን ለማዳፈን የሚደክሙትን ያህል ሰውየውን ለመጠየቅ ቢደክሙ ብዙ ይለወጥ ነበር።

የሰማሁትን ይዤ ወደ ቤቴ የምገባው ብቻዬን ነው። ሥራዬን የሚያይልኝ፣ ስሳሳት የሚያርመኝ የበላይ ባለሙያ የለም። ስለዚህ የክልሉ ኃላፊዎች የሚዘጋ አንድ ክፍል ይስጡን፤ የአካባቢያችን ዩኒቨርሲቲዎች ልምድ ያለው መምህር በየጊዜው ይላኩልን። ታራሚው ሊፈታ ሲል ደግሞ አስቀድሞ ለተጎጂዋ ይነገራት፤ የምትፈራውንም የሚሰማት ሰው ይመደብላት።

አንድ የማረሚያ ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ
ከምሥራቅ ጎጃም